ወርቁ ሲደመር፣ ሰው ሲቀነስ

በሜክሲኮ ተራሮች ላይ መሽቷል። ሦስት ሰዎች እሳት ከበው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ከአፈር አጥበው ያወጡትን የወርቅ ብናኝ በትንሽ ሚዛን እየመዘነ በሦስት ይከፍላል። ድርሻውን የተቀበለ በየተራው ከእሳቱ ብርሃን ይወጣና ጨለማው ውስጥ ይሰወራል፤ እሱ ብቻ በሚያውቀው ቦታ ቀብሮት ይመለሳል። ከዚያ ጎን ለጎን ጋደም ይላሉ። ተኙ ለማለት ግን ያስቸግራል። ዶብስ የሚባለው ሌሊት ባንኖ ሲያይ የሽማግሌው መኝታ ባዶ ነው። ሽማግሌው የሄደው አህዮቹን ሊያይ ነው። የዶብስ ልብ ግን አያርፍም፤ ተነስቶ የቀበረውን ሊፈትሽ ይሄዳል። እሱ ሲመለስ የሦስተኛው ዐይን ተገልጧል።

ትዕይንቱ ጆን ሂዩስተን በ1948 ከሠራው «የሴራ ማድሬ ሀብት» ከተሰኘው ፊልም ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ፊልሙ የተሠራው በ1927 በጀርመንኛ ከታተመ ልብ ወለድ ሲሆን፣ ደራሲው ቢ. ትራቨን የተባለውን የብዕር ስም መርጦ ማንነቱን እንደ ወርቅ ቀብሮ የኖረ ሰው ነው። ሽማግሌውን ሃዋርድን ሆኖ የተጫወተው የዳይሬክተሩ አባት ዋልተር ሂዩስተን ነበር፤ አባትና ልጅ በዚያው ፊልም ኦስካር ተሸልመዋል።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ወርቁን ያገኙት ሦስት በመሆናቸው ነው። ዶብስና ሦስተኛው ሰው ከርቲን ብቻቸውን ቢሆኑ የሚረግጡት ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር፤ የሚያብለጨልጭ ተራ ድንጋይ አይተው ሀብታም ሆንን ብለው የፈነጠዙ ጀማሪዎች ናቸው። ሽማግሌው ደግሞ ዕውቀት እንጂ ስንቅና መሣሪያ የሚገዛበት በቂ ገንዘብ አልነበረውም። የማዕድን ጉድጓዱ በዶብስ ላይ በተናደ ዕለት ከርቲን ደጁ ላይ ለአፍታ ቆመ። ፊቱን አዞረ፤ ሊሄድ ነበር። ከዚያ ተመልሶ ገባና ጓደኛውን ከአፈር ውስጥ ጎትቶ አወጣው። ዶብስ በሕይወት ያለው አጠገቡ ሰው ስለነበረ ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። በቁፋሮው ወቅት ተረቱ ልክ ነው። ሚዛኑ ከወጣ በኋላ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል፤ ሲቆፍሩ እጅ የነበረው ጓደኛ ሲካፈሉ አፍ ይሆናል። አራተኛ ሰው መጥቶ ከእናንተ ጋር ልሥራ ባለ ጊዜ ሦስቱ ተሰብስበው ምን እናድርገው ብለው ድምፅ የሰጡትም በዚህ ሒሳብ ነው። ምርጫቸው መግደል ሆነ። ያልገደሉት ሽፍቶች ቀድመው ስለደረሱ ብቻ ነው።

ስለ ስግብግብነት የተጻፉ የጀብዱና የምናብ ታሪኮች ብዙ ናቸው። የተረገመ ሀብት፣ ወርቅ ላይ የተኛ ዘንዶ፣ በደም የተጻፈ ካርታ ሞልቶባቸዋል። ዋና ዋናዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ላነበበ ግን እርግማኑ ጌጥ ነው። ገዳዩ ማካፈል ነው። ሁለት ሒሳብ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ ወርቁ ይደመራል፣ ሰው ይቀነሳል።

ከሃያ ስድስት አምስት

ነሐሴ 1881፣ ብሬማር የምትባል የስኮትላንድ መንደር። ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። ሳንባው የማያስተኛው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ከቤት መውጣት አልቻለም፤ የ13 ዓመቱ የእንጀራ ልጁ ሎይድ ደግሞ በቀለም ሥዕል ሲጫወት ይውላል። በዚያ ጨዋታ መሐል የአንዲት ደሴት ካርታ ተሳለ። ወደቦች ተሰየሙላት፤ ኮረብቶች ወጡላት፤ ሀብቱ የተቀበረበት ቦታ ምልክት ተደረገበት። ስቲቨንሰን ካርታውን ትኩር ብሎ ሲያይ ሰዎች ከዛፎቹ መካከል ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። በቀን አንድ ምዕራፍ እየጻፈ 15 ቀን ውስጥ 15 ምዕራፍ ደረሰ፤ ማታ ማታ ለቤተሰቡ ያነብላቸዋል። የመብራት ማማዎች መሐንዲስ የሆኑት አባቱ እንኳ እንደ ልጅ ተመስጠው የአንዱን የባሕር ወንበዴ ሣጥን ዕቃዎች ዝርዝር ራሳቸው ጻፉለት። ከዚያ ብዕሩ ደረቀ። መጽሐፉ ያለቀው በስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ነው። በመጀመሪያ «ያንግ ፎክስ» በተባለ የልጆች መጽሔት በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 «ትሬዠር አይላንድ»፣ የሀብት ደሴት ተብሎ በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ስቲቨንሰን የተከፈለው 100 ፓውንድ ነበር። ደሴቲቱ ላይ የቀበረው ደግሞ 700,000 ፓውንድ።

መጽሐፉን በልጅነቱ ያነበበ ሰው አንድ እግሩን ያጣውን ጆን ሲልቨርንና በትከሻው ላይ ያለችውን በቀቀን ያስታውሳል። ካደገ በኋላ የሚያነበው ደግሞ ደራሲው ከገጽ ገጽ ሰው ሲቆጥር ያገኘዋል። ሀብቱን ፍለጋ በምትጓዘው መርከብ ላይ ታዳጊው ጂም የፖም በርሜል ውስጥ ገብቶ ሳለ ሲልቨር የመርከቧን ሰዎች ለአመፅ ሲያደራጅ ይሰማል። ወጥቶ ለታመኑት ሲነግራቸው መጀመሪያ የተደረገው ቆጠራ ነው፦ መርከቧ ላይ 26 ሰው አለ፤ የሚታመኑት 7፤ ከሰባቱ አንዱ ልጅ ነው፤ በወዲያኛው ወገን 19። ከዚያ ጀምሮ ቁጥሩ ይወርዳል። በጥይት፣ በጩቤ፣ በስካር ይወርዳል።

ቁጥሩ መውረድ የጀመረው ግን ጂም መርከቧ ላይ ከመውጣቱም በፊት ነው ማለት ይቻላል። ሀብቱን የቀበረው ካፒቴን ፍሊንት ስድስት ሰው አስከትሎ ደሴቷ ላይ ወረደ፤ ብቻውን ተመለሰ። ስድስቱን ገድሎ፣ የአንዱን ሬሳ ክንዱን ዘርግቶ ወደ ሀብቱ እንዲያመለክት አድርጎ አጋድሞታል። ሰው አቅጣጫ ማሳያ ሆነ።

ሲልቨርና የተረፉት አምስት ሰዎቹ በመጨረሻ ጉድጓዱ ዳር ሲደርሱ ወርቁ የለም። ሌላ ሰው ቀድሞ አውጥቶታል። አንደኛው ጉድጓዱ ውስጥ ዘሎ ገብቶ በእጁ ቢምስ አንዲት ሳንቲም አገኘ። ሲልቨር ከሁሉም ቀድሞ ሒሳቡ ገባው። የወንበዴዎቹ ዐይን ወደ እሱ ሳይዞር ሽጉጥ አውጥቶ ለጂም አቀበለ፤ ከልጁ ጎን ቆመ። ጉድጓዱን መሐል አድርገው በአንድ በኩል ሁለት፣ በሌላው አምስት ሆኑ። ሲልቨርን ከሌሎቹ የሚለየው ክፋቱ መብዛቱ ወይም ማነሱ አይደለም። እነሱ ወርቁን ሲያስሉ እሱ ሁልጊዜ ሰዎቹን ያሰላል። በመጨረሻ አንድ ከረጢት ገንዘብ ብቻ ይዞ ሾልኮ ያመለጠው፣ ትንሽ ይዞ መሄድን ያወቀው እሱ ነው።

ከሄዱት ውስጥ ከመርከቧ ጋር ወደ አገራቸው የተመለሱት አምስት ናቸው።

ወርቁን ቀድሞ ያወጣው ማን ነበር? ጓደኞቹ ደሴቷ ላይ ጥለውት ሦስት ዓመት ብቻውን የኖረው ቤን ጋን። ያን ሁሉ ወርቅ በትከሻው ተሸክሞ ዋሻው ውስጥ ከምሯል። ጂም ሲያገኘው ታዲያ የጠየቀው ነገር አይብ ነው፤ ስንት ሌሊት የተጠበሰ አይብ በሕልሙ አይቷል። 700,000 ፓውንድ አጠገቡ ተከምሮ፣ የሚገዛበትም የሚያካፍለውም ሰው ስለሌለ የአይብ ያህል እንኳ ዋጋ አልነበረውም። አገሩ ሲመለስ 1,000 ፓውንድ ተሰጠው፤ በ19 ቀን ጨረሰው።

ዳቦና መርዝ

ስቲቨንሰን ይህን ሒሳብ አልፈጠረም። በፓሊ ቋንቋ ተጽፈው ከቆዩት ጃታካ ከሚባሉት የቡድሃ እምነት ተረቶች አንዱ ከሁሉም በላይ ጨክኖ ያሰላዋል። በአስማት ከሰማይ ሀብት ማዝነብ የሚችል አንድ ብራህማን 500 ሽፍቶች እጅ ወደቀ፤ ሀብቱን አዘነበላቸው። ሌሎች 500 ሽፍቶች መጡባቸውና የእኛስ አሉ። ብራህማኑ ዳግመኛ ማዝነብ ስላልቻለ ገደሉት፤ ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 500 ተከትለው ጨረሷቸው። የቀሩት 500 ለሁለት ተከፍለው ተፋጁ፤ 250 ቀሩ። እነሱም እንደገና ተከፈሉ። እንዲህ እያለ በመጨረሻ ሁለት ሰው ቀረ። አንዱ ሰይፍ ይዞ ሀብቱን ሊጠብቅ ተቀመጠ፤ ሌላው ሩዝ ሊያበስል ሄደ። ያብሳዩ ሩዝ ተመርዟል፤ የጠባቂው ሰይፍ ተመዟል። አንድ ሺህ ሰው አለቀ፤ ሀብቱ ሳይነካ ቀረ።

ይኸው ተረት ተጉዞ ተጉዞ በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ በእንግሊዛዊው ባለቅኔ በቾሰር እጅ እናገኘዋለን። ሦስት ጠጪ ጎረምሶች ጓደኛቸውን የቀጠፈውን ሞትን ፈልገን እንገድለዋለን ብለው ይነሳሉ። ሽማግሌ መንገደኛ ሞት ከዚያ ዛፍ ሥር አለ ብሎ ይጠቁማቸዋል። ሲደርሱ የወርቅ ክምር ያገኛሉና ፍለጋቸውን ይረሳሉ። ታናሹ ዳቦና ወይን ጠጅ ሊገዛ ከተማ ሲወርድ የቀሩት ሁለቱ ሲመለስ በጩቤ ሊወጉት ይማከራሉ፤ እሱ ደግሞ መርዝ ይገዛል። ሁሉም የፈለጉትን አገኙ፤ ሞት በእርግጥ ዛፉ ሥር ነበር። የቾሰር ተንኮል ተራኪውን በመምረጡ ላይ ነው፦ ታሪኩን የሚሰብከው የኃጢአት ማስተሰረያ ወረቀት እየሸጠ የሚኖር፣ ስብከቴ ሁሉ ለገንዘብ ነው ብሎ ሳያፍር የሚናገር ሰው ነው። በስግብግብነት ላይ የሚደረግ ስብከት ራሱ ገበያ እንዳለው ያኔም ይታወቅ ነበር።

ቦምቤይ የተወለደው ኪፕሊንግ በ1895 በታተመው ሁለተኛው የጫካ መጽሐፉ ውስጥ ታሪኩን በተኩላዎች ላደገው ልጅ ለሞውግሊ ሰጠው። ሞውግሊ ከፈረሰች ከተማ ሥር ካለ ግምጃ ቤት ዕንቁ የተሰካበት የዝሆን መንጃ ያወጣል፤ ግምጃ ቤቱን የሚጠብቀው ነጭ እባብ ይህ ዕቃ ሞት ነው ብሎታል። ልጁ የመንጃውን ጥቅም ሲሰማ ተጸይፎ ይወረውረዋል። በማግሥቱ ከጥቁሩ ነብር ከባጊራ ጋር የሰው ዱካ እየተከተለ ሲሄድ በየመንገዱ ሬሳ ያገኛል። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የገደላቸው የተመረዘ ዳቦ ነው፤ ዳቦውን የጋገረውን ደግሞ እነሱ ቀድመው ገድለውታል። ስድስት ሰው። ሞውግሊ ገንዘብ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ የተረዳው ነገር ዱካው ብቻ ነው፤ የብዙ ሰው ዱካ ነበር፣ እየቀነሰ ሄደ፣ ጠፋ። መንጃውን ወስዶ ለእባቡ መለሰለት።

ከመጽሐፍ የወጣ ካርታ

የስቲቨንሰን መጽሐፍ እንደ ወጣ ሄንሪ ራይደር ሃጋርድ የተባለ፣ በደቡባዊ አፍሪካ የቅኝ ግዛት አስተዳደር ያገለገለ ሰው ከወንድሙ ጋር ተወራረደ ይባላል፦ የዚህን ግማሽ የሚያህል መጽሐፍ አትጽፍም፣ እጽፋለሁ። ውርርዱ በአምስት ሺሊንግ ነበር። በ1885 «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» ታተመና እንደ ጉድ ተሸጠ። እዚህም ካርታ አለ፤ በብርድ ሊሞት የተቃረበ ፖርቱጋላዊ በገዛ ደሙ የሣለው። የአልማዙ ክፍል ውስጥ ሦስቱ እንግሊዛውያን እጃቸውን ድንጋዩ ውስጥ ነክረው ሲደሰቱ አሮጊቷ ጋጉል ሾልካ የድንጋይ መዝጊያውን ትለቅባቸዋለች፤ ራሷም ልታመልጥ ስትል መዝጊያው ይጨፈልቃታል። ጨለማ። ጥቂት ስንቅ፣ ጥቂት ውኃ፣ ሣጥን ሙሉ አልማዝ። በዚያ ሰዓት የቤን ጋን አይብ ትዝ ያላለው አንባቢ የለም። መውጫ ቀዳዳ ሲገኝ ተራኪው ኳተርሜይን ኪሶቹን በአልማዝ ሞልቶ ይወጣል፤ የሞላው በልማድ ነው፣ ባይሞላስ ማን ይፈርድበታል።

የኛን አንባቢ ጆሮ የሚያቆመው ግን የሰሎሞን ስም ነው። ሰሎሞን በተነሳበት ንግሥተ ሳባ አለች፤ በሃጋርድ ዘመን የነበሩ አውሮፓውያንም ይህን ያውቁ ነበር። ካርል ማውክ የተባለ ጀርመናዊ በ1871 የታላቋን ዚምባብዌን የድንጋይ ግንቦች ሲያይ የሳባ ንግሥት ቤተ መንግሥት አምሳያ ናቸው ብሎ ደመደመ። አፍሪካውያን እንዲህ አድርገው ይገነባሉ ብሎ ማመን አልሆነለትም። በ1891 ቴዎዶር ቤንት ቦታውን ቆፈረ፤ ግንበኞቹ ከዐረብ ምድር የመጡ ናቸው አለ። ይኸው ሰው በ1893 አክሱም ድረስ መጥቶ ስለ ከተማዋ መጽሐፍ ጽፏል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ልብ ወለድ አይደለም። በ1895 ወርቅ ፈላጊዎች ኩባንያ አቋቁመው ከታላቋ ዚምባብዌ በስተቀር በአካባቢው ያሉትን የጥንት ፍርስራሾች የመቆፈር ፈቃድ አወጡ። መቃብር እየከፈቱ የሙታኑን የወርቅ ጌጥ አወጡ፤ ብዙውንም አቀለጡት። በአፈሩ ውስጥ በንብርብር ተጽፎ የነበረው ታሪክ፣ ማን መቼ ሠራው የሚለው ምስክር፣ አብሮ ተዛቀ። አርኪዮሎጂስቱ ራንዳል ማካይቨር በ1905፣ ገርትሩድ ኬተን ቶምሰን ደግሞ በ1929 ከተረፈው ፍርፋሪ ተነስተው ግንቦቹን የሠሩት አፍሪካውያን ራሳቸው መሆናቸውን አስረዱ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እዚህ ላይ ያንሳል፤ እነዚህ የጣሉት የሌላውን ብብት ነው።

በክብረ ነገሥት ያለችው የኛይቱ ንግሥት ወደ ሰሎሞን የተጓዘችው ጥበብ ፍለጋ ነው። ወርቅ ይዛ ሄዳ ሰጥታ ተመለሰች። በእሷ ስም መቃብር የቆፈሩት ይህን ገጽ የዘለሉት ይመስላል።

አንድ አሥራ አራተኛ

አማርኛ ለዚህ ክፉ ጠባይ አንድ ስም ብቻ አልሰጠውም። ስግብግብ ያልያዘውን ሊይዝ የሚሻማ ነው፤ ዶብስን ይመስላል። ንፉግ የያዘውን እሱም አይጠቀምበት ሌላውም አይነካበት። ስስት ግን ከሁለቱም ይረቅቃል፤ እናት ለልጇ ትሳሳለች፤ ሰው ለአባቱ ማስታወሻ ይሳሳል። በስስት ውስጥ ፍቅር አለ። ከሁሉም አስቸጋሪው እሱ ነው።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1937 ባሳተመው «ዘ ሆቢት» ውስጥ ሦስቱም አሉ። ንፉጉ ስማውግ የሚባለው ዘንዶ ነው። ወርቅ ላይ ተኝቶ ይኖራል፤ አይገዛበትም፣ አያጌጥበትም፤ አንዲት ጽዋ ብትጎድል ግን ያውቃል፤ አገር ያቃጥላል። ቶልኪን የጥንታዊ እንግሊዝኛ መምህር ነበር፤ የተሰረቀችውን ጽዋ ያገኛት «ቤዎልፍ» ከሚባለው ጥንታዊ ግጥም ነው። በዚያም ዘንዶው ይሞታል፣ ንጉሡም ይሞታል፣ ወርቁም ከንጉሡ ጋር ተመልሶ ይቀበራል።

ስግብግቡ የሐይቁ ከተማ ሹም ነው። ቤቱ ለተቃጠለበት ሕዝብ መልሶ ማቋቋሚያ የተሰጠውን ወርቅ ዘርፎ ይጠፋል፤ ተከታዮቹ በረሃ ላይ ጥለውት በረሃብ ይሞታል።

የሚሳሳው የድንኮች መሪ ቶሪን ነው። እሱን ለመጥላት ይከብዳል። ተራራው የአያቶቹ ነው፤ ወርቁን የሠሩት የወገኖቹ እጆች ናቸው፤ ዘንዶው ነጥቆት ተሰዶ ኖሯል። ከ12 ድንኮች ጋር ሲነሳ ቁጥሩ 13 ስለሆነ ገደቢስ እንዳይሆን ቢልቦ የሚባል ቤቱን ወዳድ ሰውዬ አሥራ አራተኛ ሆኖ ይጨመራል። ውሉ ግልጽ ነው፤ ከትርፉ አንድ አሥራ አራተኛ። ዘንዶው ከሞተ በኋላ ግን ቤታቸው የተቃጠለባቸው የሐይቁ ሰዎች ድርሻ ሲጠይቁ ቶሪን በሩን በድንጋይ ያስደፍናል። የአባቶቼ ነው ይላል። እውነቱን ነው፤ ችግሩም እሱ ነው። ዶብስ እየሰረቀ መሆኑን ያውቃል፤ ቶሪን ግን ቅርስ እየጠበቀ ነው።

እዚህ ላይ ቢልቦ የሚያደርገው ነገር በዚህ ሁሉ የታሪክ ዘር ውስጥ አዲስ ነው። ቶሪን ከሁሉ አብልጦ የሚፈልገውን ዕንቁ ደብቆ ይዟል፤ ድርሻዬ ይሁን ብሎ አስቦታል። በሌሊት ግንቡን በገመድ ወርዶ ለከበቧቸው ሰዎች ሰጣቸው፤ ተደራደሩበት፣ ጦርነት ይቅር። ከዚያ ሸሽቶ አልቀረም፤ እንደሚገደል እየጠረጠረ ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። ፍሊንት ድርሻ ለማብዛት ስድስት ሰው ቀነሰ፤ ቢልቦ ሰው እንዳይቀነስ ድርሻውን ሰጠ። ጦርነቱ ከሌላ አቅጣጫ በመጣ ጠላት ምክንያት አልቀረም። ቶሪን በቁስሉ ሲያጣጥር ይቅርታ ጠይቆ ሞተ፤ ዕንቁው ደረቱ ላይ ተደርጎ አብሮት ተቀበረ። ቢልቦ ሁለት ትንንሽ ሣጥን ይዞ አገሩ ገባ።

የቀረው ብር

ዶብስ በመጨረሻ ሽማግሌው በሌለበት ከርቲንን ተኩሶ ጥሎት፣ ወርቁን ሁሉ በአህዮቹ ጭኖ ብቻውን ይነጉዳል። ሒሳቡ ተጠናቀቀ፤ ሦስት ሲካፈል አንድ ሆነ። ውኃ ጉድጓድ ዳር ሽፍቶች ሲያገኙት ከጀርባው የሚቆም ሰው የለውም። ገደሉት። ከረጢቶቹን ፈተው ሲያዩ አሸዋ መሰላቸው፤ ደፉት። ነፋሱ ወርቁን ወደመጣበት ተራራ መለሰው። ከሞት የተረፈው ከርቲንና ሽማግሌው ሲደርሱ ባዶ ከረጢት አገኙ። ሽማግሌው ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሁለት ሰዎች ስለሆኑ አብረው መሳቅ ቻሉ።

እነዚህ መጻሕፍት ለአንባቢው ትምህርት ሰጥተው ይሸኙታል ብሎ ማመን ይቻል ነበር፤ የዚምባብዌ መቃብሮች ግን አሉ። የኩባንያው ሰዎችም የሰሎሞንን ማዕድን ተረት ሳይሰሙ አልቀሩም። ከታሪኩ የወሰዱት ግን ካርታውን ብቻ ነው።

ስቲቨንሰን ይህን ሳያውቅ አልቀረም። በመጽሐፉ መጨረሻ ጂም ወርቁ ከተጫነ በኋላ የብሩ ጥፍጥፍ እዚያው ደሴቷ ላይ እንደተቀበረ መሆኑን ይነግረናል። በበሬ ቢጎትቱት እንኳ አይመለስባትም፤ ማዕበሉን በሕልሙ እየሰማ ይባንናል። የ26 ሰው መርከብ 5 ሰው ይዛ ስትመለስ አይቷል። አንባቢው ግን ገና መጽሐፉን ሳይከድን፣ ያልተመለሱትን 21 ሰዎች ስም ሳያስታውስ፣ አንድ ነገር በልቡ ይጠይቃል፦ ያ ብር የት ጋ ነበር የተቀበረው?